ዕቃው የማን ነው? ስሙስ?

በኅብረታችን ውስጥ በኢንተርኔት መሸጥ የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጡብኛል። «ዕቃ ገዝቼ ብሸጥ ይሻለኛል ወይስ የሰው ዕቃ በኮሚሽን ላሻሽጥ?» ይሉኛል። እኔን የሚጠይቁኝ ሁለቱንም ስለሠራሁ ነው። መጀመሪያ በቴሌግራም ቻናል የሴቶች ጫማ እሸጥ ነበር፤ ዕቃውን በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ ቤት ውስጥ አስቀምጬ። ቀጥሎ ደግሞ የአንድ አስመጪን ቦርሳዎች ፎቶ እየለጠፍኩ፣ በተሸጠው ልክ ኮሚሽን እየተቀበልኩ ሠራሁ።

ጥያቄውን የሚያመጡልኝ አብዛኞቹ መልሱን በልባቸው ይዘውት ነው። ዕቃ መያዝ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ኮሚሽን ግን «ያለ ካፒታል የሚሠራ ሥራ» ነው ይባላል። ስልክና ኢንተርኔት ካለህ በቃህ፤ ቢሸጥ ታገኛለህ፣ ባይሸጥ ምንም አትከስርም። ለተማሪና ገና ሥራ ላላገኘ ወጣት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

እኔ ግን በዚህ አባባል አልስማማም። ኮሚሽንም ካፒታል አለው። ካፒታሉ በባንክ ደብተር ላይ ስለማይጻፍ ብቻ ነው የሌለ የሚመስለው። ምን ማለቴ እንደሆነ ከሁለቱም ሥራ ባየሁት ላስረዳ።

ሃያ ጥንድ ጫማ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከመርካቶ 20 ጥንድ የሴቶች ጫማ በጅምላ ገዛሁ። የአንዱ መግዣ 1,200 ብር ስለነበር በጠቅላላው 24,000 ብር አወጣሁ። መሸጫውን 1,700 ብር አደረግኩት። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ከአንድ ጥንድ 500 ብር፣ ከሃያው 10,000 ብር ትርፍ።

ጫማ ግን እንደ ወረቀት አይታዘዝም። በጅምላ ስትገዙ ካርቶኑ የሚመጣው ቁጥሩ ተደባልቆ ነው፤ የሚፈለገውን ቁጥር ብቻ መርጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም። 37፣ 38 እና 39 ቶሎ ያልቃሉ። 36 እና 41 ደግሞ ቁጭ ይላሉ። በአምስት ሳምንት ውስጥ 14 ጥንድ ሸጥኩና 23,800 ብር እጄ ገባ። ካወጣሁት ገንዘብ ገና 200 ብር ይጎድለኝ ነበር ማለት ነው። ቻናሉን ለሚያይ ሰው በየፎቶው ሥር «ተሽጧል» የሚል ጽሑፍ ተደርድሯል፤ ንግዱ የደመቀ ይመስላል። ትርፌ ግን በሙሉ አልጋዬ ሥር በቀሩት ስድስት ሣጥኖች ውስጥ ነበር። እነሱን በመጨረሻ በ1,000 በ1,000 ብር ሸጥኳቸው። ጠቅላላው 29,800 ብር ሆነ፤ ትርፉ 5,800 ብር። ከዚህ ላይ የትራንስፖርቱንና የማሸጊያውን ቀንሱ።

በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በነሐሴ ወደዚያው ሱቅ ስመለስ ያው ጫማ 1,600 ብር ገብቷል። በእጄ ያለው 29,800 ብር 18 ጥንድ ብቻ ገዛልኝ። በ20 ጥንድ ጀምሬ፣ ደብተሬ ላይ «ትርፍ» ብዬ ጽፌ፣ በ18 ጥንድ ተመለስኩ።

ይህን የምነግራችሁ ዕቃ መያዝ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። በዚያው ሳምንት መጋዘናቸው ሙሉ የነበረ ነጋዴዎች የዕቃቸው ዋጋ እንደቆመ ሲጨምር አይተዋል። ዕቃ የያዘ ሰው ገበያው ሲወጣም ሲወርድም አብሮ ነው፤ ሲመጣ የእሱ፣ ሲሄድም የእሱ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሳ ጊዜ የስንት ሰው ልፋት እንደወደመ ሁላችንም ሰምተናል። ዕቃ መያዝ ማለት ይህንን ሁሉ መሸከም ማለት ነው።

በዚያው ልክ ግን ዕቃ የያዘ ሰው ነጻነት አለው። ጫማውን አገላብጬ አይቻለሁ፤ ስፌቱን፣ ሶሉን፣ ሽታውን ሳይቀር አውቃለሁ። ገዢ «ቁጥሩ ልክ ነው ወይስ ይጠባል?» ሲለኝ ለመመለስ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም። አልሆነኝም ብላ ብትመልስልኝ መቀየር የእኔ ውሳኔ ነው። ዋጋ ብቀንስም የምቀንሰው ከራሴ ነው።

የሰው ዕቃ

አሁን ወደ ኮሚሽኑ እንምጣ። በእንግሊዝኛ ስሙ «አፊሊየት ማርኬቲንግ» የሚባለውን አሠራር በዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ አማዞን ነው፤ ፕሮግራሙን የከፈተው በፈረንጆቹ 1996 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው የራሱ መለያ ያለበት ሊንክ ይሰጠዋል። ሰዎች በዚያ ሊንክ ገብተው በ24 ሰዓት ውስጥ ከገዙ ኮሚሽን ይታሰብለታል። ዕቃውን አያይም፣ አያሽግም፣ አያደርስም። በዚህ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኩባንያው ኮሚሽኑን ቀነሰው። የቤት ዕቃ ላይ 8 በመቶ የነበረው 3 በመቶ ሆነ፤ ምግብና የመሳሰለው ላይ 5 በመቶ የነበረው 1 በመቶ ሆነ። ሊንክ ለጣፊዎቹ ሥራቸውን አልቀነሱም፤ ገቢያቸው ግን ተቀነሰ። የሰው ዕቃ የሚሸጥ ሰው ውሉንም የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው።

የእኛ አገሩ ከዚህ ይለያል፤ ለአያቶቻችንም አዲስ ነገር አይደለም። ደላላ ማለት ነው። ቤት የሚያከራየውም፣ መኪና የሚያሻሽጠውም፣ ከብት ገበያ ላይ ሁለቱን ወገን የሚያስማማውም ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። አሁን ደላላው ስልክ ውስጥ ገባ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ መቀባበሉ ቀለለ፤ ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ሐዋሳና ባሕር ዳር ላለ ገዢ መሸጥ ተቻለ።

አማዞን ማን በማን ሊንክ እንደገዛ ይመዘግባል። በእኛ የቴሌግራም ኮሚሽን ግን መዝጋቢው የለም። ያለው ስክሪንሾትና የአስመጪው ቅንነት ነው። እኔ ቦርሳ በማሻሽጥበት ጊዜ ይህን በደንብ አየሁት። ገዢ ካስማማሁ በኋላ «ያ ቀለም አልቋል» እባላለሁ። ጠዋት የለጠፍኩት ዋጋ ከሰዓት ይቀየራል። ዕቃው ሲላክ ደግሞ ማሸጊያው ላይ የአስመጪው ስልክ ቁጥር ተለጥፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያቺው ገዢ ለሁለተኛ ጊዜ ስትፈልግ በቀጥታ እሱ ጋ ትደውላለች። ሌባ ልለው አልችልም፤ ዕቃው የእሱ ነው። እኔ ግን ገዢ እየሰበሰብኩ የነበረው ለእሱ እንጂ ለራሴ እንዳልሆነ ገባኝ።

ይህም ሆኖ በኮሚሽኑ ሥራ አልጋዬ ሥር ሣጥን አልነበረም። ዶላር ሲጨምር እንቅልፍ አላጣሁም። ባልሸጥኩበት ሳምንት የከሰርኩት የኢንተርኔት ፓኬጅ ብቻ ነው። ጥቅሙን መካድ አይገባም።

ሦስት መቶና ሁለት ሺህ ስምንት መቶ

ካፒታሉ የት እንዳለ ያሳየችኝ በአገልግሎት አብራኝ ያለች ጓደኛዬ ናት። በቴሌግራም ከምታሻሽጣቸው ዕቃዎች አንዱ ብሌንደር ነበር። ዋጋው 2,800 ብር፣ የእርሷ ኮሚሽን 300 ብር። ከቤተ ክርስቲያናችን እናቶች አንዷ ደጃቸው ላይ የአቮካዶ ጁስ ሊሸጡ አስበው ነበርና ከእርሷ ገዙ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተቃጠለ።

ሻጩ ጋ ሲደወል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። እናትየው ግን ሻጩን አያውቁትም። ሱቁ የት እንዳለም አያውቁም። የሚያውቁት ልጅቷን ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጥተው አልተቆጡም፤ አንድ ነገር ብቻ አሏት። «እኔኮ አንቺ ስላልሽኝ ነው የገዛሁት፣ ልጄ።»

ጓደኛዬ ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ከኪሷ ከፈለች። ማንም አላስገደዳትም። 300 ብር አግኝታ 2,800 ብር አወጣች፤ ያንን ለመመለስ ከዘጠኝ በላይ ብሌንደር መሸጥ ያስፈልጋታል። «ለምን አንቺ ትከፍያለሽ? ዕቃው የአንቺ አይደለም» ያሏት ነበሩ። እውነት ነው፤ ብሌንደሩ የእርሷ አልነበረም። እናትየው የገዙት ግን ብሌንደሩን ብቻ አይደለም፤ የእርሷን ቃልም ገዝተዋል።

ያ ቃል እንዲህ ዋጋ ያገኘው ደግሞ በንግድ አይደለም። ለዓመታት ሕፃናትን ስታስተምር፣ የታመመ ስትጠይቅ፣ ለቅሶ ቤት ስታድር የተከማቸ ነው። ሻጩ ማስታወቂያ ቢያሠራ በስንት ገንዘብ የማያገኘውን እምነት በ300 ብር ተጠቅሞበታል። ኮሚሽን «ያለ ካፒታል» ነው ሲሉኝ የማልስማማው ለዚህ ነው። ዕቃ የሚይዝ ሰው ገንዘቡን አደጋ ላይ ይጥላል። በኮሚሽን የሚሠራ ሰው ስሙን አደጋ ላይ ይጥላል። ገንዘብ ቢጠፋ ስንት እንደጠፋ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ። ስም ግን ሲጎድል ደረሰኝ የለውም፤ ሰዎች ዝም ብለው መልስ መስጠት ያቆማሉ።

ይህ ነገር ለእኛ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች፣ የበለጠ ይከብዳል። የመጀመሪያ ገዢዎቻችን ማን ናቸው? የኅብረቱ ግሩፕ ውስጥ ያሉት፣ የመዘምራን ጓደኞቻችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወላጆች ናቸው። በደንብ ሳይመረምሩ የሚገዙን ስለሚያምኑን ነው። ስለ እውነተኛ ሚዛን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ በስልክ ሲሸጥ ሚዛኑ የት እንዳለ ግን ብዙ አልተነጋገርንም። በእኔ አስተያየት ሚዛኑ ያለው ገዢው በሚያውቀውና እኛ በምናውቀው መካከል ነው። እኛ የምናውቀውን እሱ ካላወቀ ሚዛኑ አዘንብሏል።

ከፎቶው ሥር የምጽፈው

ከዚያ በኋላ በኮሚሽን በማሻሽጠው ዕቃ ፎቶ ሥር ሁልጊዜ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ «ዕቃው የእኔ አይደለም፤ ከሽያጩ ኮሚሽን አገኛለሁ። በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ።» በእጄ ያላየሁትን አልለጥፍም። ዕቃው ቢበላሽ ማን እንደሚቀይርና በስንት ቀን ውስጥ እንደሆነም ከሻጩ ጋር አስቀድሜ ተስማምቼ እጽፋለሁ። በአሜሪካ አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ዕቃ የሚያስተዋውቅ ሰው ጥቅም የሚያገኝበት ከሆነ በግልጽ እንዲናገር ያዛል። እኛ ግን ሕግ እስኪያዘን መጠበቅ የለብንም።

መጀመሪያ እንዲህ ስጽፍ የሳቁብኝ ነበሩ። ሁለት ገዢዎች ደግሞ «እንግዲያው ከኮሚሽንሽ ቀንሽልን» አሉኝና ቀነስኩላቸው። ቅንነት ያስከፍላል፤ አያስከፍልም ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተለወጠ። «ይኼኛውን አንቺ ብትሆኚ ትገዢዋለሽ?» ይሉኛል። አንዳንዴ «አልገዛውም» እላለሁ። ያን ቀን ኮሚሽን አላገኝም፤ በሚቀጥለው ጊዜ «እገዛዋለሁ» ስል ግን ይሰሙኛል።

ኮሚሽን በሚል ስም የሚመጣ ሌላ ነገርም አለ። «በዚህ ሊንክ ተመዝገብ፣ ይህን ያህል ብር አስገባ፣ አምስት ሰው ካመጣህ ኮሚሽን አለህ» የሚሉ መተግበሪያዎች በየግሩፑ ሲዞሩ አይታችኋል። ይህ ድለላም ንግድም አይደለም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ዕቃ ገዝቶ ከሚጠቀም ሰው ነው ወይስ ቀጥሎ ከሚገባ ሰው? ቀጥሎ ከሚገባው ከሆነ የመጨረሻዎቹ ገቢዎች መክሰራቸው አይቀርም። እነዚያ የመጨረሻዎቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው የሰሙት፣ እኛን አምነው የገቡት እናቶቻችንና ታናናሾቻችን ናቸው።

የእቁቡ ገንዘብ

ባለፈው ዓመት እናቴ 40,000 ብር እቁብ ደረሳት። ታናሽ ወንድሜ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበርና በዚያ ገንዘብ ጫማ ገዝቶ በስልክ ሊሸጥ ፈለገ። እማዬ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ልስጠው ወይስ አልስጠው?» አለችኝ። ያ ገንዘብ ለእርሷ የዓመት ቁጠባ ነው። ቢጠፋ መልሶ የሚመጣበት መንገድ የለም።

እኔም ስጪውም አትስጪውም አላልኩም። «መጀመሪያ ሁለት ወር የሰው ጫማ በኮሚሽን ይሽጥና ገበያውን ይወቅ» አልኳት። ወንድሜ አልወደደውም። «እኔ ሰው መለማመጥ አልችልም» አለ። ለመለማመጥ ሳይሆን ለመመዝገብ እንደሆነ ነገርኩት። ደብተር ገዛሁለት። የጠየቀ ሁሉ ባይገዛም እንዲጻፍ ተስማማን፤ የትኛውን ቁጥር፣ የትኛውን ቀለም፣ በስንት ዋጋ፣ ከየትኛው ሰፈር። ገንዘብ ሲላክለት ደግሞ ስክሪንሾት አይቶ እንዳያምን፣ በራሱ ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪገባ እንዲጠብቅ፤ የባለ ሱቁን ድርሻ በዚያው ቀን እንዲያስረክብ።

በሁለት ወር 63 ሰው ጠየቀ፣ 19 ሰው ገዛ። አብዛኛው የጠየቀው 41 እና 42 ቁጥር፣ ጥቁር ነበር። ሌላ ቀለም ቢገዛ ኖሮ የእማዬ እቁብ እንደ እኔ ሣጥኖች አልጋ ሥር ይተኛ ነበር። ይህን እያሰብን የእቁቡን ገንዘብ በከፊል አውጥተን ዕቃ ለመግዛት አብረን መርካቶ ሄድን።

ሲያሻሽጥላቸው የነበሩት ባለ ሱቅ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ወንድሜ 42 ቁጥር ብቻ በዛ አድርገው እንዲሸጡለት ሲጠይቃቸው ገንዘቡን ከኪሱ ሊያወጣ ጀመረ። እጁን ያዙት። «ገንዘብህን አስቀምጠው። ሁለት ወር ሙሉ የእኔን ድርሻ አንድ ቀን አሳድረህ አታውቅም። አሥራ ሁለት ጥንድ ውሰድ፤ ሽጠህ ትከፍለኛለህ» አሉት።

ለአሥራ ሁለት ጥንድ ጫማ አንድም ወረቀት አልፈረመም። ደብተራቸው ላይ ስሙንና ቁጥሩን ጻፉ፤ በቃ። መርካቶ ብዙ ነገር የሚሸጥበት ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገር በቃል የሚወሰድበት ቦታም መሆኑን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ። በኮሚሽን ሲሠራ «ምንም ካፒታል የለህም» የተባለው ልጅ ለካ ካፒታል ሲያጠራቅም ነበር።

ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ለምትሉኝ፣ ገንዘብ ካላችሁና ዕቃውን ካወቃችሁት ዕቃ ያዙ፤ ሁሉንም ገንዘብ ግን አንድ ጊዜ አታውጡ፣ ትርፋችሁንም በብር ሳይሆን መልሳችሁ በምትገዙት ዕቃ ቁጠሩ። ገንዘብ ከሌላችሁ ወይም ገበያውን ገና ካላወቃችሁት በኮሚሽን ጀምሩ። በሁለቱም ቢሆን ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ ዕቃ ነገ ቢበላሽ ገዢው የማንን ስም ጠርቶ ይመጣል? የሚጠራው የእናንተን ከሆነ፣ ዕቃው የማንም ይሁን፣ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ።

ወንድሜ አሥራ ሁለቱን ጥንድ በሦስት ሳምንት ሸጦ ከፈለ። የእማዬ 40,000 ብር እስካሁን ባንክ ነው። እርሷ ግን አሁን «ልስጠው ወይ?» ብላ አትጠይቀኝም። «ሲፈልግ ይንገረኝ» ነው የምትለው።